«ስንት ሰው ነበር የተዋጋው?» ጣና ላይ ለሚሠራ አስጎብኚ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ይኸውና፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር ጣና ላይ የጀልባ አስጎብኚ ነኝ። ባለፈው አንድ ፈረንጅ ኢማም አሕመድና አፄ ገላውዴዎስ እዚህ አካባቢ ሲዋጉ ስንት ሰው ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ዩቲዩብ ላይ የሰማሁትን ‹ከሁለት መቶ ሺህ በላይ› አልኩት። ሳቀብኝ። የጥንትና የመካከለኛው ዘመን የጦርነት ታሪክ፣ የእኛም የውጭውም፣ ኢንተርኔት ላይ የሚታመነው የት ይገኛል? ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፤ ለመጽሐፍ የምከፍለው ገንዘብም የለኝም።»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ሳቁን እርሳው። ያ ሁለት መቶ ሺህ ከሜዳ የተለቀመ ቁጥር አይደለም፤ ባለቤት አለው። ብቻ የሌላ ጦርነት ቁጥር ነው። ዩቲዩበሩ አንዱን ከአንዱ ደባልቆብህ ነው። እመለስበታለሁ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። «ቲቸር፣ ጥሩ ድረ ገጽ ንገረን» ስባል ነው የኖርኩት። ድሮ ዝርዝር ጽፌ እሰጥ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ዝርዝር የተሰጠው ልጅ እዚያ ያየውን ሁሉ አምኖ ነው ክፍል የሚመለሰው። ስለዚህ አንተንም የምልህ ይህንኑ ነው፤ ድረ ገጽ ከመፈለግህ በፊት ሰው ፈልግ። ይህን ነገር መጀመሪያ ያወራው ማነው? ቦታው ላይ ነበር? የማን ወገን ነው? ከስንት ዓመት በኋላ ጻፈው? በዚያ ዘመን ጦርነት ላይ የመጀመሪያ ምስክሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ደስ የሚለው ደግሞ ብዙዎቹ ከመቶ ዓመት በፊት ተተርጉመው ስለታተሙ መብታቸው አልፎበታል፣ በነጻ ይወርዳሉ። ገንዘብ የሚጠይቀው በምስክሩና በዩቲዩቡ መሃል ያለው፣ የዛሬዎቹ ምሁራን ሥራ ነው። ለእሱም መላ አለው።

በራስህ ጥያቄ እንጀምር። የወይና ደጋው ጦርነት የተካሄደው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1543 ነው፤ ከጣና በስተምሥራቅ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ከገላውዴዎስ ጋር የተሰለፉ ፖርቱጋሎች ነበሩ፤ በ1541 ከክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ጋር ምጽዋ ከወረዱት 400 ሰዎች የተረፉት። ዳ ጋማ ራሱ በ1542 ወፍላ ላይ ተሸንፎ፣ ተማርኮ ተገድሏል። ከተረፉት አንዱ ሚጌል ደ ካስታንዮሶ ይባላል። አገሩ ገብቶ ያየውን ጻፈ፣ በ1564 ሊዝበን ታተመለት። ዋይትዌይ የሚባል እንግሊዛዊ ደግሞ በ1902 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። «ዋይትዌይ» ብለህ ከጎኑ «ፖርቱጊዝ ኤክስፐዲሽን ቱ አቢሲኒያ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍና ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ፈልገው። ይመጣልሃል።

ያ ጥራዝ የምወደው ነው። ከካስታንዮሶ ቀጥሎ ዡዋዎ ቤርሙዴስ የሚባል ሌላ ፖርቱጋል የጻፈው አለበት። ሁለቱም በዚያው ዘመን እዚሁ አገር ነበሩ። ሁለቱም ኢማሙን የገደለው ፖርቱጋል ተኳሽ ነው ይላሉ። የተኳሹ ስም ላይ ሲደርሱ ግን አይስማሙም! ተማሪዎቼ እዚህ ጋ ሲደርሱ መጽሐፉን ይጠሉታል። «ታዲያ የቱን እንያዝ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ለዚህ ነው የምወደው፤ የሚጣሉ ሁለት ምስክሮች በአንድ ሽፋን ውስጥ፣ ያውም በነጻ፣ የት ይገኛል?

አሁን የስልክ ነገር። መጽሐፉን ስትከፍተው በተለያየ ዓይነት እንድታወርደው ምርጫ ይሰጥሃል። ፒዲኤፉ ከባድ ነው፣ ፓኬጅህን ይጨርሰዋል። ጽሑፍ ብቻ የሆነው ቀላል ነው፣ ቃል መፈለግም ይቻልበታል። ግን እሱን የገለበጠው ማሽን ነው። የቆየ ኅትመት ላይ 3 እና 8ን፣ 1 እና 4ን ያምታታል። እኔ አንድ ጊዜ 1,200 ፈረሰኛ የሚለውን 4,200 ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ሦስተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠች ልጅ የገጹን ፎቶ ከስልኳ አውጥታ አረመችኝ። ከዚያ ወዲህ ደንቤ ይህ ነው፤ በጽሑፉ እፈልጋለሁ፣ ቁጥር ወይም ስም ልወስድ ስል ያንን አንድ ገጽ ብቻ በምስል እከፍታለሁ። አንድ ገጽ ዳታ አይጎዳም።

ቀጥሎ የሚያስቸግርህ ስም ነው። ምናልባት ከሁሉም በላይ የሚያስቸግርህ እሱ ነው። በካስታንዮሶ መጽሐፍ ውስጥ ገላውዴዎስ የሚል ስም ብትፈልግ ወፍ የለም። «ፕሬስቴ» ነው የሚለው፤ ፖርቱጋሎች የእኛን ንጉሥ «ቄሱ ዮሐንስ» ብለው የሚጠሩበት ስም ነው። ኢማም አሕመድን ደግሞ «የዘይላ ንጉሥ» ይለዋል። ሌሎች የአውሮፓ ጽሑፎች ውስጥ ገላውዴዎስ ክላውዲየስ ይሆናል። አፄ ካሌብ የቢዛንታይኑ ፕሮኮፒየስ ዘንድ ሄሌስቴአዮስ ነው፤ አንብበኸው ካሌብ መሆኑን ሳታውቅ ልታልፍ ትችላለህ። የዛሬዎቹ ምሁራን ደግሞ በላቲን ፊደሉ ላይና ታች ነጥብና ሰረዝ እየደረደሩ ይጽፉታል፣ የስልክህ ኪቦርድ አያወጣውም። ስለዚህ በንጉሡ ስም ብቻ አትፈልግ። የቦታውን ስም፣ ዓመቱን፣ የተቃራኒውን ወገን መሪ ስም ጨምርበት። «ግራኝ» ብለህ ብቻ ከፈለግህም የአንድ ወገን ወሬ ብቻ ነው የሚጎርፍልህ። «ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም» በል፣ ሌላው ወገን ይከፈትልሃል። ጀልባህ ላይ ሙስሊም እንግዳም እንደሚሳፈር አትርሳ።

ወደ ሌላው ወገን ከመጣን፣ ዋናው ምስክር አረብ ፋቂህ ነው። ፉቱሕ አል ሐበሻ የተባለውን የጻፈው እሱ ነው። የኢማሙ ዘመን ሰው፣ የኢማሙ ደጋፊ። ሁለት መቶ ሺህህ የተወለደው እዚህ ነው። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ አፄ ልብነ ድንግል 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ ይዞ መጣ ይላል። ለኢማሙ የሚሰጠው 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ነው። ልብ በል፤ ሽምብራ ኩሬ እንጂ ወይና ደጋ አይደለም። በመካከላቸው 14 ዓመት አለ፣ ንጉሡም ሌላ ነው።

ይህን ቁጥር እንዴት ታየዋለህ? እኔ ክፍል ውስጥ በኩንታል ነው የማየው። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ እህል ስጠው። 216,000 ሰው በቀን 2,160 ኩንታል ይፈልጋል። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ብታስብ በየቀኑ 43 አይሱዙ ማራገፍ አለበት። ያኔ አይሱዙ የለ፤ ያለው አህያና በቅሎ ነው። አህያዋ ግማሽ ኩንታል ብትጭን 4,320 አህያ፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ሳምንት ከሰፈሩስ? አህዮቹስ ምን ሊበሉ ነው? ውኃውስ? እዚህ ላይ ስትደርስ ጸሐፊው ቆጥሮ እንዳልጻፈ ይገባሃል። አሸናፊ ነው፣ ድሉን የፈጣሪ ሥራ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ጠላቱ በበዛ ቁጥር ድሉ ይገዝፍለታል። የእኛም ዜና መዋዕሎች ይህንኑ ያደርጋሉ፣ እንዳትሳሳት። በዚያ ላይ ከሠራዊቱ ጋር ስንቅ የምታበስለው፣ እንጨት ለቃሚው፣ አሽከሩ፣ ነጋዴው ሁሉ ይጓዝ ነበር። «ሠራዊት» ሲባል ማን ማን እንደተቆጠረ አይታወቅም።

የፉቱሕ የእንግሊዝኛ ትርጉም በ2003 የታተመ ስለሆነ በሕጋዊ መንገድ በነጻ አይገኝም። ባሴ የሚባል ፈረንሳዊ ከመቶ ዓመት በፊት ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰው ግን አለ። ፈረንሳይኛ አልችልም ካልክ አንቀጹን ቀድተህ ለስልክህ መተርጎሚያ ስጠው፤ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ደህና አድርጎ ይሠራል። ግዕዝ ግን አትስጠው፣ ይዘባርቅብሃል።

ሁሉም ቁጥር እንዲህ የተነፋ አይምሰልህ። ኢዛና በአራተኛው መቶ ዘመን ኖባ ላይ የዘመተበትን ድንጋይ ላይ አስቀርጾታል። የተማረኩ ወንዶች 214፣ ሴቶች 415፣ ድምር 629። የተገደሉ ወንዶች 602፣ ሴቶችና ሕፃናት 156፣ ድምር 758። በአጠቃላይ 1,387። ደምረው፣ ይገጥማል! የበጉን ብዛት ሳይቀር 51,050 ብሎ ጽፎታል። ይህ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ዶሴ ይዞ የሠራው ሥራ ነው የሚመስለኝ። ጽሑፉን ያሳተመው በ1906 አክሱም የመጣው የጀርመን ቡድን ነው። ቁጥር ስታይ «ይህን የሚቆጥር ሰው ነበር ወይ?» ብለህ ጠይቅ፤ ኢዛና ጋ የነበረ ይመስላል፣ ሽምብራ ኩሬ ላይ አልነበረም።

አሁን ደግሞ አጠገብህ ስላለው። በየደሴቱ ያሉትን ብራናዎች ለቱሪስት ከሩቅ ታሳያለህ። ኧርንስት ሐመርሽሚት የሚባል ጀርመናዊ በ1960ዎቹ መጨረሻ ጣና መጥቶ ብዙዎቹን በማይክሮፊልም አንስቷቸዋል፤ የጣና ብራናዎች ካታሎግ በጀርመንኛ ታትሟል። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው «ቤተ መጻሕፍት» (በላቲን ፊደል Beta masaheft) የሚባለው ገጽ ያለ ምዝገባ ይከፈታል፤ የቅጂዎችን፣ የሰዎችንና የቦታዎችን ስም እዚያ ታገኛለህ። አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየም ደግሞ ከ1973 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ ብራናዎችን ኦንላይን ያሳያል፤ መመዝገብ ይጠይቃል፣ ክፍያ የለውም። ፓሪስ ያሉትን ጋሊካ በሚባለው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገጽ ላይ ታያለህ። የለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ በ2023 መጨረሻ የሳይበር ጥቃት ደርሶበት ስለነበር የድሮ ሊንኮቹ ብዙ ጊዜ አይሠሩም። በአንተ ስልክ ወይም ኔትወርክ አትፍረድ።

ብራና ስል የግድ ዜና መዋዕል ማለቴ አይደለም። የወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈች የርስት ወይም የጉልት ማስታወሻ ለጦር ታሪክ ወርቅ ናት፣ የትኛው ጭፍራ የት እንደሰፈረ ትነግርሃለችና። ጨዋ የሚለውን ቃል ውሰድ። ዛሬ ምግባረ መልካም ሰው ነው። በነዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የንጉሡ ወታደር ነበር፤ በየጠረፉ የሚሰፍር ጭፍራ። በዚህ ላይ ደረሰ አየናቸው የጻፈው ጥናት አናል ዴትዮፒ በተባለው መጽሔት ላይ አለ። የመጽሔቱን የቆዩ ቁጥሮች ፔርሴ የሚባለው የፈረንሳይ ገጽ በነጻ ያስነብባል። ስለ ጠመንጃ መምጣትና ምን ያህል ነገር እንደለወጠ ደግሞ የመርዕድ ወልደ አረጋይን ጽሑፍ አንብብ፤ ጄስቶር በሚባለው የጥናት መጽሔቶች ማከማቻ ገጽ ላይ ነው። ጄስቶር ውድ ነው ሲሉህ አትመን። በግልህ ከተመዘገብህ በወር እስከ 100 ጽሑፍ እዚያው በነጻ ታነባለህ። በወር መቶ ከጨረስክ እኔን አስተምረኝ።

ሥዕሎቹንም አትናቃቸው። የፈረሰኛ ቅዱሳንን ሥዕል ስታይ እግሩን እይ። እርካቡ ትንሽ ቀለበት ሆኖ አውራ ጣቱን ብቻ አስገብቶበት ታገኘዋለህ። የአገራችን ፈረሰኛ እንደዚያ ነበር የሚጋልበው። ጦሩን እንዴት እንደያዘ፣ ኮርቻው፣ ጋሻው፣ ሁሉም አለ። ብቻ ሠዓሊው የሚሥለው የራሱን ዘመን ነው። የፈርዖን ወታደር ጠመንጃ ይዞ ብታየው የሚነግርህ ስለ ሠዓሊው ዘመን ነው።

የውጭው ታሪክ ከዚህ ይቀላል፣ ስለዚህ አላረዝመውም። ለግሪክና ለሮም ላከስ ኩርቲየስ የሚባል ገጽ አለ፤ መልኩ ያረጀ፣ ዳታ የማይበላ፣ ጽሑፉ በጥንቃቄ የተገለበጠ። ፕሮኮፒየስ እዚያ አለ። ከጦርነቶቹ ታሪክ አንደኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 20ን ክፈት፣ ካሌብ ወደ የመን ሲዘምት ታነባለህ። ፐርሲየስ የሚባለው ደግሞ ግሪክኛውን ከትርጉሙ ጋር ያስቀምጣል። ለመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ዴ ሬ ሚሊታሪ የሚባለው የመካከለኛው ዘመን ጦር ታሪክ አጥኚዎች ማኅበር ገጽ፣ ለዋና ምንጮች ደግሞ የፎርድሃም ዩኒቨርሲቲው ስብስብ ይበቁሃል። ስለ ቬጌቲየስ ግን አንድ ነገር ልበል። የአውሮፓ መኳንንት ለዘመናት ሲያነቡት የኖሩት የጦር መጽሐፍ ነው። በየቦታው በነጻ የሚዘዋወረው የ1767ቱ ትርጉም ብዙ ጊዜ ሦስቱን መጽሐፍ ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለ ከበባና ስለ ባሕር ውጊያ የሚያወራው ተቆርጧል። «ቬጌቲየስ ስለ ከበባ ምንም አላለም» የሚልህ ካለ ያንን ነው ያነበበው።

ከውጭው ውስጥ የቱን ብቻ ላንብብ ብትለኝ የጥንቱን የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ የፖሊቢየስን ስድስተኛ መጽሐፍ፣ የሮማ ጦር እንዴት እንደሚሰፍር የሚያወራውን እሰጥሃለሁ። ከዚያ የአልቫሬዝን አስከትልበት። በ1520ዎቹ ልብነ ድንግል ዘንድ የቆየ የፖርቱጋል ቄስ ነው፤ የ1881 የእንግሊዝኛ ትርጉሙ በነጻ አለ። የንጉሡ ድንኳን የት እንደሚተከል፣ የቀኝና የግራ ብሕትወደድ የት እንደሚሰፍሩ፣ አብያተ ክርስቲያኑ፣ ገበያው፣ አንድ በአንድ ይነግርሃል። ከተማ የሚለው ቃላችን ራሱ ድሮ ሰፈር፣ የጦር ሰፈር ማለት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ አንድ ቅዳሜ ብታሳልፍ ከሃምሳ ቪዲዮ የበለጠ ታውቃለህ።

አንድ ወጥመድ ቀረ፣ ቀን። የወይና ደጋን ፌብሩዋሪ 21 ዛሬ ባለው ልዩነት ካሰላኸው የካቲት 14 ይሆንብሃል። ስህተት ነው። አውሮፓ የዛሬውን ካላንደር የጀመረችው በ1582 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አቆጣጠር ያ ቀን የካቲት 27 ቀን 1535 ዓ.ም. ነው። 13 ቀን ልዩነት! ዓመትም ይለያያል። የዓምደ ጽዮንን የኢፋት ዘመቻ አንዱ 1329 ሌላው 1332 ይልሃል። የመጀመሪያው የድሮ አሳታሚዎች ስሌት ነው፣ የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት የያዘው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ 1329 የሚል ጽሑፍ ካየህ የቆየ ነገር እየገለበጠ እንደሆነ ጠርጥር።

ዊኪፔዲያን አትፍራው፣ ግን ከታች ወደ ላይ አንብበው፣ ከግርጌ ማስታወሻው ጀምር። ኤ አይ ደግሞ ለትርጉምና ለስም አጻጻፍ ይረዳሃል፤ መጽሐፍና ገጽ ቁጥር ስትጠይቀው ግን የሌለ መጽሐፍ በልበ ሙሉነት ይሰጥሃል። ገጹን ራስህ ከፍተህ ካላየኸው ለእንግዳ አትናገረው።

ለዚያ ፈረንጅ መልሱ ይኸው። ሌላ ጊዜ ሲጠይቁህ፣ «አብሮ የነበረ አንድ ፖርቱጋል እንደጻፈው ከገላውዴዎስ ጋር 8,000 እግረኛና 500 ፈረሰኛ ነበር፤ ኢማሙ ጋ ደግሞ 13,000 እግረኛ፣ 1,200 ፈረሰኛና 200 ቱርክ ጠመንጃ ያዥ» በላቸው። «ማን ነው ፖርቱጋሉ?» ካሉህ ስሙን ታውቀዋለህ። የዋይትዌይን ገጽ ፎቶ ስልክህ ላይ አስቀምጠው፤ ጣና መሃል ኔትወርክ የለም።